ፍሪጄ 24 ሰዓት ይሠራል ያለው ማነው?

አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የተከራየ ሰው ይረዳኛል። ወር በደረሰ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። በዚህ ወር ደግሞ አከራያችን «ተለክቶ ይከፈላል» ብለው ኤሌክትሪሺያን አመጡ።

ሰውየው ክላምፕ ሜትሩን፣ ማለትም ሽቦውን አቅፎ በዚያች ቅጽበት የሚያልፈውን አምፔር የሚያሳየውን መለኪያ፣ ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። እኔ ቤት ሲገባ የፍሪጁን መስመር ለአፍታ ያዝ አደረገና «1.2 አምፔር» አለ። በ220 ቮልት አባዛው። በ24 ሰዓት፣ በ30 ቀን። ወጣ 190 ኪሎዋት ሰዓት! ተጻፈ፣ አለቀ።

መብራት እኮ ሲጠፋ ውሎ ገና መምጣቱ ነበር! ፍሪጁ ሞቋል፣ ሞተሩ ያለ እረፍት እየሠራ ነው። በደህናው ቀን ሲቀዘቅዝ ይቆማል፣ ሲሞቅ ይነሳል። የሚኒባስን ፍጥነት አንዴ አይቶ ቀኑን ሙሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ይታወቃል እንዴ? ደግሞ ሞተር ነው፤ አምፔር በቮልት ሲባዛ የሚገኘውን ሁሉ ቆጣሪ አይቆጥርም። ፓወር ፋክተር የሚባል ነገር አለ (ከተባዛው ውስጥ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ)፣ ባለሙያው ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ተውሼ ሳምንት ሙሉ ተውኩት። በቀን በአማካይ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት። በወር 45 ማለት ነው። 190 የት፣ 45 የት!

ያበገነኝ ግን ምጣዱ ነው። አከራያችን እነ ጋሼ ቤት ለሱቅ እንጀራ ይጋገራል። ምጣዱ 3500 ዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት የሚበላውን የእኔ ፍሪጅ በሁለት ቀንም አይጨርሰው። ሰውየው ሲመጣ ግን አልተሰካም ነበር። ስለዚህ ምን ተጻፈለት? ዜሮ!

ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። አምስት ቤት ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ሲወጣ፣ አምፖልና ፍሪጅ ብቻ ያለን ሰዎችም በምጣዱ ዋጋ እንከፍላለን።

«ጋሼ፣ ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ይግባ፤ የእኔን ራሴ እገዛለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ግቢዬ ውስጥ ሽቦ ማስነካካት አልፈልግም። ባለሙያ ለክቶታል።»

ባለሙያ! እሺ፣ ቢያንስ ምጣዱ በሚጋገርበት ቀን ተመልሶ ይምጣ ብዬ ለመንኩ። «ለሱም ሁለተኛ ክፍያ ማን ይከፍላል?» አሉኝ።

እስቲ የውስጥ ቆጣሪ ያስገባችሁ ሰዎች፣ ቆጣሪውና ገጠማው ስንት እንደፈጀባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አከራይ እንዴት እንዳሳመናችሁም ጭምር።