ሙድሪክ ታግዷል፣ ፓርቴ ይጫወታል፤ ይሄ እንዴት ነው የሚታረቀው?

መስከረም 6 ቀን 2018 ማታ አራት ሰዓት ላይ ሰፈራችን ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ የቶተንሃምንና የቪላሪያልን ጨዋታ ሳይ ነበር። ቶተንሃም ገና በአራተኛው ደቂቃ ቪላሪያሎች ራሳቸው ላይ ባስገቧት ጎል መርቷል፣ ከዛ በኋላ ጨዋታው ቀዝቅዟል፣ ግማሹ ሰው ስልኩን እየነካካ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የቀድሞው የአርሰናል፣ ያኔ የቪላሪያል ተጫዋች ቶማስ ፓርቴ ተቀይሮ ሲገባ ግን ስታዲየሙ ጮኸበት። ኳስ በነካ ቁጥር ይጮሁበታል። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ትሪዋን እንደያዘች ቆም ብላ ስክሪኑን አየችና "ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚጮሁበት?" አለች። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ "ተዪው ባክሽ፣ በሴት ነገር ነው" አላት። አጠገቡ ያለው ደግሞ "ገና አልተፈረደበትም እኮ፣ ምን አገባቸው፣ ኳሱን ይጫወትበት" አለ። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች።

እኔም ምንም አላልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የሰነበተው እሱ ነው።

"በሴት ነገር" ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ጋ በሴት ነገር ተጣሉ የሚባለው ሁለት ጎረምሶች አንዷን ወደው ሲደባደቡ ነው። ይሄ እኮ አምስት የአስገድዶ መድፈር ክስና አንድ የወሲብ ጥቃት ክስ ነው፣ ሦስት ሴቶች ናቸው ያመለከቱት፣ ክሱ የተመሰረተው በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 2025 ነው። ፓርቴ አላደረኩም ብሏል። በዛ ጨዋታ ማግስት፣ ማለትም መስከረም 7፣ እዛው ለንደን ሳውዝዋርክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሁሉንም ክስ ክዷል፣ ችሎቱ ደግሞ ያን ቀን ለኖቬምበር 2026 ተቀጠረ። ማታ ቻምፒየንስ ሊግ ተጫውቶ ጠዋት ችሎት ማለት ነው። እኔ ወንጀለኛ ነው አላልኩም፣ አልልምም፣ እሱን የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። እኔ የምለው እስከዛ ድረስ ሜዳ መግባት የለበትም ነው፣ እሱም ሆነ እንደሱ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ማንኛውም ተጫዋች።

ቪላሪያል ኦገስት ላይ ሲያስፈርመው ምን አለ? ማንም ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹህ ነው የሚለውን መርህ እናከብራለን አለ። በቃ ከዛ ወዲህ ይቺ አረፍተ ነገር የሁሉም ሰው መልስ ሆናለች፣ ባለፈው ታክሲ ውስጥ የሰማሁት የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጅም እሷኑ ነው ሲደጋግም የነበረው፣ ክርክሩን ሁሉ በሷ ዘግቶ ወደ ዝውውር ዜና አለፈ። እስቲ መርሁ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ አለ። የሚለው መንግሥት አንተን ሳያስረዳብህ ጥፋተኛ ሊልህ አይችልም፣ ማስረጃ የማምጣት ሸክሙ የከሳሽ ነው፣ ነው። ትልቅ መብት ነው፣ ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ግን የትኛው አንቀጽ ላይ ነው "እስኪፈረድበት ድረስ መሀል ሜዳ ላይ ይሰለፍ" የሚለው? ፍርድ ቤቱ ራሱ እኮ በዋስ ሲለቀው ሴቶቹን እንዳያገኝ ግዴታ አስገብቶታል። ገና ሳይፈረድበት! ዳኛው መርሁን ረስቶት ነው? አይደለም፣ ዳኛው ንጹህ ሆኖ መገመትና ምንም እንዳልተፈጠረ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነው። ተማሪ ነካ ተብሎ የተከሰሰ አስተማሪ ልጅህ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ትፈቅዳለህ? ያ የሬዲዮ አዘጋጅ ሴት ልጅ ካለችው ይመልስልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ወደሱ።

ሚካይሎ ሙድሪክ የት ነው ያለው? የቼልሲው ልጅ። በዲሴምበር 2024 የሽንት ናሙናው ላይ የተከለከለ ነገር ተገኘ ተባለ፣ እሱ አውቄ የወሰድኩት ነገር የለም አለ፣ ግን ከዛች ቀን ጀምሮ ሜዳ አልገባም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ክስ የመሰረተበት እኮ ከስድስት ወር በኋላ በጁን 2025 ነው፣ ማለትም ልጁ የታገደው ሳይፈረድበት ብቻ ሳይሆን ሳይከሰስም ነው። አንድ ሰው እንኳን ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ "ገና አልተፈረደበትም እኮ፣ ይጫወት" ሲል ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። የጁቬንቱሱ ፖል ፖግባም በሴፕቴምበር 2023 ልክ እንዲሁ ነው የሆነው፣ መጀመሪያ ጊዜያዊ እገዳ፣ ፍርዱ ከወራት በኋላ። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይሄን ቃል ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ የሩጫ ሀገር ነን፣ "ጊዜያዊ እገዳ" የሚለው ዜና በመጣ ቁጥር ሆዳችን እንዴት እንደሚላወስ እናውቃለን። አትሌቱ ራሱን ለመከላከል ገና አፉን ሳይከፍት ጫማውን ይሰቅላል። ለምን ሲባል? ውድድሩ መታመን አለበት፣ አብረውት የሚሮጡት ሰዎች መብት አላቸው፣ ነገሩ እስኪጣራ ዞር ይበል ይባላል። ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ታዲያ ይሄ ምክንያት ለሽንት ናሙና ከሰራ ለሦስት ሴቶች አቤቱታ የማይሰራው ለምንድን ነው? ሁለቱም ሳይፈረድባቸው ነው፣ ሁለቱም አላደረኩም ብለዋል፣ አንዱ ራሱን ጎድቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው የተጠረጠረው፣ ሌላው ሰው ጎድቷል ተብሎ ነው፣ የታገደው የመጀመሪያው ነው። ይሄን ማን ያስረዳኛል?

ስለ ሕግ ጥብቅነት ነው እንዳትሉኝ ደግሞ፣ የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ የራሴን ቤት ጉድ ልንገራችሁ። በማርች 2021 አምበላችን ኦባሚያንግ ለቶተንሃም ጨዋታ አርፍዶ መጣ፣ አሰልጣኙ አርቴታ ቤንች ላይ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ ከውጭ ሀገር ጉዞ በሰዓቱ አልተመለሰም ተብሎ የአምበልነቱን ማሰሪያ ተቀማ፣ ከቡድኑ ወጣ፣ ከዛ በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍልን ፌብሩዋሪ ላይ ባርሴሎና ሄደ። እኛም አጨበጨብን፣ ዲሲፕሊን ማለት ይሄ ነው አልን፣ እኔ ራሴ ብያለሁ። አርፍዶ ለመጣ ሰው ፍርድ ቤት አላስፈለገንም! ማስረጃ አምጡ ያለም የለም! አሰልጣኝ ማንን እንደሚያሰልፍ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፣ መሰለፍ ማንም በሕግ የሚጠይቀው መብት ሆኖ አያውቅም፣ ልምምድ ላይ ፊቱን ያጨማደደ ተጫዋች ሁሉ ቅዳሜ ቤንች ላይ ነው የምናገኘው። ታዲያ መሰለፍ ድንገት ሰብዓዊ መብት የሚሆነው አስገድዶ መድፈር ሲመጣ ብቻ ነው እንዴ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኳስ የራሷ ጥቅም ሲነካ ፍርድ ቤት አትጠብቅም። የምትጠብቀው የተጎዳችው ሴት ስትሆንና ተጫዋቹ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው።

"ገንዘብ ፈልገው ነው" የሚሉም አሉ። ከሁሉም ክርክር ደካማው ይሄ ነው፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚነገረውም ይሄው ነው። ወንድሜ፣ ይሄ የወንጀል ክስ ነው፣ የካሳ ክስ አይደለም፣ ሰውዬው ቢፈረድበት ዋናው ቅጣት እስር ቤት መግባት ነው እንጂ ለሴቶቹ ቼክ መጻፍ አይደለም። ዝና ፈልገው ነው እንዳትል ደግሞ በእንግሊዝ ሕግ የወሲብ ጥቃት ደረሰብኝ ያለች ሴት ስሟ ዕድሜ ልኳን ሚዲያ ላይ አይወጣም። ገንዘብ የለ፣ ዝና የለ፣ ፖሊስ የመጀመሪያውን አቤቱታ የሰማው በ2022 መጀመሪያ ነው፣ ክስ የተመሰረተው በ2025 አጋማሽ፣ ችሎቱ የተቀጠረው ለ2026 መጨረሻ። ማነው ወደ አምስት ዓመት ፖሊስ ጣቢያና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እየተመላለሰ በነጻ የሚዋሽ? ደግሞ እዛ ሀገር ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚከፍተው ማስረጃውን አይቶ ያስፈርዳል ብሎ ሲያምን ነው፣ ስለተወራ ብቻ አይደለም። እኔም ክስ ከተመሰረተ በኋላ ይታገድ የምለው ለዚህ ነው፣ ፌስቡክ ላይ ስሙ የተነሳ ሁሉ ይታገድ አላልኩም።

የቤንጃሚን ሜንዲን ነገር እንደምታነሱብኝ አውቃለሁ። እሺ፣ እናንሳው። ሜንዲ በኦገስት 2021 በአስገድዶ መድፈር ሲከሰስ ክለቡ ማንቸስተር ሲቲ አገደው፣ ደሞዙን አቆመበት፣ በ2023 ከሁሉም ክስ ነጻ ወጣ። በደል ደርሶበታል፣ ይሄን አልክድም። ግን በደሉ የቱ ጋ ነው? ደሞዙ ላይ ነው፤ በ2024 የሥራ ክርክር ችሎቱም አብዛኛውን ገንዘብ ክፈሉት ብሎ ወስኖለታል። ስለዚህ ክፈሉት! እያንዳንዷን ሳንቲም ክፈሉት፣ ልምምድም ይስራ፣ ሜዳ ግን አታስገቡት። ይሄ የኔ ፈጠራም አይደለም፣ አውስትራሊያ ውስጥ በራግቢ ሊግ ከ2019 ጀምሮ እየተሰራበት ነው። ተጫዋቹ 11 ዓመትና ከዛ በላይ ሊያሳስር በሚችል ወንጀል ከተከሰሰ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከጨዋታ ይቆማል፣ ሙሉ ደሞዙ ይከፈለዋል፣ ከቡድኑ ጋር ልምምድ ይሰራል፣ ማንም ጥፋተኛ አይለውም። ጃክ ደ ቤሊን የሚባል ተጫዋች ይሄ ሕግ ሕገወጥ ነው ብሎ ከሰሰ፣ በሜይ 2019 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሕጉ ትክክል ነው አለ። ልጁ ሁለት ዓመት ከምናምን ተቀመጠ፣ በመጨረሻ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪው) መስማማት አቃታቸውና ቀሪው ክስ ተነሳለት፣ በ2021 ተመልሶ ለዛው ክለቡ ተጫወተ። ሁለት ዓመት ለኳስ ተጫዋች ብዙ ነው ትሉኛላችሁ፣ አዎ ብዙ ነው። ለሴቶቹስ ስንት ነው? እነሱ የሚከሱትን ሰው በየሳምንቱ በስክሪን እያዩ፣ ስሙ ሲዘመር እየሰሙ የሚጠብቁት ዓመት ከየት ተቆጥሮ ነው ትንሽ የሆነው?

ያለ ሕግ ሲተው ምን እንደሚሆን ደግሞ የእንግሊዙ ክለብ ሰንደርላንድ አሳይቶናል። ተጫዋቹ አዳም ጆንሰን በ2015 የ15 ዓመት ታዳጊን በተመለከተ በወሲብ ወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ፣ ክለቡ ያኔ ለሁለት ሳምንት ገደማ አገደውና መልሶ አስገባው፣ ከዛ በኋላ ተከሰሰ፣ ላለመውረድ እየታገሉ ነበርና አስፈለጋቸው። ተከሶ ወራት ሙሉ ተጫወተ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016 በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ በቅጣት ምት ጎል አገባ፣ ደጋፊው ተቃቀፈ፣ ከአራት ቀን በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከክሶቹ ሁለቱን አመነ። በማግስቱ ክለቡ አባረረው፣ በኋላ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፣ የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚም ጆንሰን ለዛች ታዳጊ የጻፈላትን መልዕክት እያወቀች እንዲጫወት በመፍቀዷ ሥራዋን ለቀቀች። ያቺ የ15 ዓመት ልጅ ራሷ የሰንደርላንድ ደጋፊ ነበረች። የምትደግፈው ክለብ የማንን ስም ነበር ሲያስዘምርባት የከረመው?

ፕሪሚየር ሊጉ ከዛ በኋላም አስገዳጅ ሕግ አላወጣም፣ እያንዳንዱ ክለብ ራሱ ይወስን ብሎ ትቶታል፣ ክለብ ደግሞ የሚወስነው ነጥብ ቆጥሮ ነው። ፓሪስ ሰን ዠርሜንም አሽራፍ ሃኪሚ ከማርች 2023 ጀምሮ ክስ ላይ እያለ አሰልፎታል፣ እሱም አላደረኩም ይላል፣ በሜይ 2025 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። የኔም ክለብ አልተሻለም። የፓርቴ ኮንትራት ጁን 30 አለቀ፣ ክሱ ከአራት ቀን በኋላ መጣ፣ አርሰናል ያለው ኮንትራቱ አልቋል፣ ጉዳዩ ሕግ ስለያዘው አስተያየት አንሰጥም ብቻ ነው። ሰውዬው በጁላይ 2022 ተይዞ የተመረመረ ነው፣ ስሙ በሕግ ምክንያት አይነገርም ነበር። እኔ በኦክቶበር 2022 ቶተንሃም ላይ ከሩቅ አክርሮ ሲያገባ ወንበር ላይ ወጥቼ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ጮኬያለሁ። አላውቅም ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፣ ቪላሪያልም እያወቀ ነው ያስፈረመው፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

የቶተንሃም ደጋፊ የጮኸበት የአርሰናል ልጅ ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ እንደዛ ይሆናል። ለሻይ አቅራቢዋ ልጅ ግን ያን ቀን መልስ የሚሰጣት ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ስትጠይቀኝ ሦስት ሴቶች ደፈረን ወይም የወሲብ ጥቃት አደረሰብን ብለው አመልክተውበታል፣ እሱ አላደረኩም ብሏል፣ ፍርዱ ገና ነው እላታለሁ። "ታዲያ እስከዛ ለምን ያጫውቱታል?" ካለችኝ ግን የምነግራት የለኝም።