የትኛው ጅብ?

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ በሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ቡሬ ቀንበር ሲያይ ይተኛል። ዳለቻው ጅራፍ ሳይሰማ ይስባል። አንዷ ላም ስትታለብ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሌላዋ እግሯ ካልታሰረ ወተቱን ከነግሬራው ትደፋዋለች። ይህን ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት አልገባም፣ አብሮ መዋል በቂ ነው። ይኼው የእያንዳንዷን ላም ዐመል በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ማታ ከአጥሩ ማዶ ኮሽታ ሲሰማ "ጅብ መጣ" ብሎ በሩን ያጠብቃል። የትኛው ጅብ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ከተሜዎቹማ እንብሳለን። ከተማ ዳር ጅብ ሰው ጎዳ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ሥሩ የሚጻፈውን አስተያየት እስቲ አንብቡ። "ይጨፍጨፉ" የሚል አለ። "ጅብ ምን ያድርግ፣ ተፈጥሮው ነው" የሚልም አለ። ሁለቱ የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ጅብ ያው ጅብ ነው። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ በከፊል የተረቶቻችን ነው። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ ፈሪ ነው፣ በዚያ ላይ ጅል። "ጅብ እስኪነክስ ያነክስ" እንላለን። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውም እሱ ነው። ሁሌ "እሱ" መሆኑንም ልብ በሉ። በእውነተኛው የጅብ መንጋ አለቃዋ ሴቷ ናት። ትልቋም እሷ፣ ቀድማ የምትበላውም እሷ፣ ልጆቿም የእሷን ደረጃ ይዘው ያድጋሉ። ተረቱን አልጠላውም፣ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። ግን ለሺህ ጅብ አንድ ዐመል ሰጥተን ቁጭ ብለናል።

ኬንያ ውስጥ ማሳይ ማራ በሚባለው ቦታ ተመራማሪዎች ጅቦችን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ በአንድ እየለዩ ይከታተላሉ። የሚለዩዋቸው በቆዳቸው ላይ ባለው ነጥብ ነው። ልክ እንደ ጣት አሻራ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። እዚያው የተሠራ አንድ ሙከራ አለ፣ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከብረት ፍርግርግ የተሠራ ሳጥን ውስጥ ሥጋ ይቀመጣል። ሥጋው ይታያል፣ ይሸታል፣ ግን በሩ ተቀርቅሯል። መቀርቀሪያውን ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ሳጥኑ ለ62 የዱር ጅቦች ቀረበ። የከፈቱት ስንት ናቸው? ዘጠኝ።

እኔን የገረመኝ ዘጠኙ አይደሉም፣ በከፈቱትና ባልከፈቱት መካከል ያለው ልዩነት ነው። አዲስ ነገር ሲያዩ የሚፈሩት ብዙም አልተሳካላቸውም። ከተሳካላቸው ብዙዎቹ ደግሞ ገና ሲጀምሩ ብዙ ዓይነት ነገር የሚሞክሩት ነበሩ፤ መንከስ፣ መቧጨር፣ መግፋት፣ መገልበጥ፣ አንዱ ካልሆነ ሌላው። ቶሎ የማይሰለቹትም እንደዚሁ። ስድሳ ሁለቱም ጅብ ናቸው፣ ሁሉም ሥጋ ይወዳል፣ ቀርበው ያደረጉት ግን የተለያየ ነው። ከመሥሪያ ቤት አንድ ፎቅ ሰው ሰብስባችሁ የተቀረቀረ በር ብትሰጡት ከዚህ የተለየ የምታዩ አይመስለኝም።

ማታ የምንሰማው ጩኸት ራሱ የባለቤቱ መለያ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የጅቦቹን ረጅም ጩኸት ቀድቶ ሲመረምር፣ ከድምፁ ብቻ የትኛው ጅብ እንደሆነ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። እኛ ትራሳችንን ጆሯችን ላይ እየጫንን የምንሸሸው ጩኸት ለእነሱ "እከሌ ነኝ" ነው።

ይህን ነገር ሳይንሱ ራሱ ለመቀበል ቆይቷል። ተመራማሪዋ ጄን ጉዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ታንዛኒያ ጎምቤ ስትገባ ለቺምፓንዚዎቹ ስም ማውጣት ጀመረች። በኋላ ካምብሪጅ ሄዳ ስትማር ቁጥር እንጂ ስም መስጠት አልነበረብሽም ተባለች። ደግነቱ አልሰማቻቸውም። ነጭ ጺም ያለው፣ ዴቪድ ግሬይቢርድ ያለችው ቺምፓንዚ ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ቀድሞ የለመዳት ነው፤ የሣር ዘንግ ወደ ምስጥ ጉድጓድ እያስገባ ሲያወጣና ምስጡን ሲበላ ያየችውም እሱን ነው። እሱ ባይለምዳት ሥራዋ ስንት ዓመት በዘገየ ነበር?

እዚህ ላይ ግን እንዳንሸወድ። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ጠባይ አለው ማለት ሁሉም የዋህ ነው ማለት አይደለም። እዚያው ጎምቤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ፓሽን የምትባል እናትና ፖም የምትባል ልጇ የሌሎችን እናቶች ጨቅላ እየነጠቁ ይበሉ ነበር። ደጋግመው። በዚያ ሰሞን ይህን ሥራዬ ብለው የያዙት እናትና ልጅ ናቸው፣ መንጋው አልነበረም። ክፉውንም ደጉንም ለመለየት መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል።

የጻቮን አንበሶች ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዞች በኬንያ በኩል ባቡር ሲዘረጉ ሁለት ወንድ አንበሶች ሠራተኛውን ከድንኳን እየጎተቱ ሲበሉ ከረሙ። የገደላቸው መሐንዲስ የሞተው ሰው 135 ነው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንቲስቶች ቺካጎ ሙዚየም ያለውን የአንበሶቹን ፀጉርና አጥንት መርምረው የደረሱበት ግምት ወደ 35 ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ድምሩ አይደለም። አንዱ ወደ 24 ሰው፣ ሌላው ወደ 11 ነው የበላው። አብረው ይኖሩ፣ አብረው ያድኑ የነበሩ ናቸው። ብዙ የበላው ጥርሱ ክፉኛ የታመመ ነበር፤ ትልቅ አውሬ ታግሎ መጣል እያቃተው ወደ ሰው ሳይዞር አልቀረም ይባላል። ስለዚህ "ሰው በላ አንበሶች" ብለን ስንጠራቸው እንኳ ያልተካከለውን ወንጀላቸውን እኩል እያካፈልን ነው።

አንድ አህያ ያለው፣ በዚያች አህያ ውኃ የሚያስቀዳ፣ እህል የሚያስፈጭ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። "የጅብ መታወቂያ ልጠይቅ እንዴ?" ይለኛል። እውነቱን ነው። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋና ከከተማ የሚጣለው ትራፊ ሲቀንስ፣ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። በዓይነ ምድራቸው ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጾሙ የእኛ፣ ዕዳው የአህያዋ። ግን ፀጉር የበላውን ስም አይናገርም። ሁሉም ነው አህያ ለመጣል የሚደፍረው? ወይስ ጥቂቶቹ ይጥላሉ፣ ሌላው ከኋላ መጥቶ ይቃመሳል? ሁለቱ በጣም የተለያየ ነገር ነው፣ መፍትሔውም እንደዚያው።

ጥንብ ላይ መርዝ መነስነስን እንውሰድ። መርዝ አይመርጥም። በረት የሰበረውንም፣ ዕድሜ ልኩን ቆሻሻ ሲለቅም የኖረውንም፣ ጥንብ አንሳውንም፣ የጎረቤትን ውሻም አንድ ላይ ያነጥፋል። ወጥመድስ ማንን ነው የሚይዘው? ሳጥኑን አይቶ የሸሸውን አይደለም፣ ጠጋ ብሎ የሚያሸተውን ነው። ምናልባት ሌባው ያኔ ማዶ ቆሞ እያየ ነው። አሥር ጅብ ገድለን አህያ መበላቱ ካላቆመ "ጅብ በዝቷል" እንላለን፣ አሥራ አንደኛው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ። የዱር እንስሳ ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል ጉዳት በደረሰበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ካሜራ ሰቅሎ የጅቦቹን የቆዳ ነጥብ ቢያይ፣ የሚመላለሱት ሁለት ይሁኑ ሃያ ቢለይ ምን ይከብደዋል? ሁለት ከሆኑ የሚደረገው ለሁለቱ ነው። ሃያ ከሆኑ ደግሞ በረቱን ማጥበቅና ቆሻሻውን ማንሳት ይሻላል። ይህንን ሳያውቁ ጠመንጃ ማንሳት ግምት ነው።

እኛ አገር ይህን የሚያውቅ የለም ደግሞ እንዳትሉኝ። ሐረር ሂዱ። ጁገል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ከጥንት ጀምሮ። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰው ዘንቢሉን አስቀምጦ ይቀመጥና እየተጣራ ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ያቀርባል። ይጠራቸዋል ስላችሁ "ና ጅብ" እያለ አይደለም፣ በየስማቸው ነው። እኔ በሄድኩበት ማታ አንዷ ቀጥ ብላ መጣች፣ እንጨቱን ሳትነካ ሥጋውን በጥርሷ ጫፍ አንስታ ዞር አለች፣ እንደ ጨዋ ሰው። ሌላው መንትፎ ሮጠ። ሦስተኛው ከሁሉም ኋላ፣ የመኪናችን መብራት የሚያልቅበት ጋ ቆሞ ዓይኑ ብቻ ያበራል። ሥጋ ሲወረወርለት እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው ያለው። የእሱ ስም ማነው ብዬ ጠየቅኩ።

"እሱ ገና ነው፣ ሲቀርብ እናወጣለታለን" አሉኝ።