አብሽሩ፣ ቅርብ ነው

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ሆዴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ።

ሰው ሁሉ «ወሎ እኮ ገነት ናት» ይላል። እሺ፣ ናት። ደሴ ተወልጄ ደሴ ነው ያደግሁት፣ የጦሳን ተራራ እያየሁ ነው የወተት ጥርሴን የነቀልኩት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገነቷን የት ቆሜ ልያት?

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ስትነሳ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ላውተርብሩነን የሚባል ሸለቆ ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል፣ ከገደሉ አናት ውሃው እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይወርዳል። 72 ፏፏቴ አለው ይላሉ፣ ዝነኛው ብቻውን ወደ 300 ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ «አቤት አገር!» ብላ ጽፋለች። ወሎዬነቴ ተነሳብኝ። «አንቺ ነይ ብቻ፣ ከዚህ የሚበልጥ አሳይሻለሁ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

አልዋሸሁም እኮ። እዚያ ሸለቆ አናት ላይ የቆመው ዩንግፍራው የሚሉት ተራራ 4,158 ሜትር ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው የኛው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ያልፋል። እነሱ 3,454 ሜትር ላይ ከ1912 ጀምሮ የባቡር ጣቢያ አላቸው፣ በረዶ ለማየት ሰው ይሰለፋል። እኛ ጋ እዚያ ከፍታ ላይ ገበሬው ገብስ ያርሳል፣ ጭላዳው ሣር ይነጫል። ጅብራው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። አቡነ ዮሴፍን በሦስት ቀን እንደማላደርሳት አውቃለሁ። ግን ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ አለልኝ፣ ሐይቅ አለልኝ፣ አርዲቦ አለልኝ ብዬ ነው የፎከርኩት።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳትና ወደ ደሴ ሚኒባስ ያዝን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በዚያች ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ሐረጎን ያየ ያውቀዋል። መኪናው በዞረ ቁጥር ታች ያለው ሜዳ እየሰፋ፣ ቤቱ እያነሰ፣ የቦርከና ወንዝ እንደ ክር እየቀጠነ ይሄዳል። ሆን ብዬ መስኮት በኩል አስቀመጥኳት። ገና ሽቅብ ስንጀምር ከኋላ አንዲት እናት፣ «እናቴ፣ እስቲ መጋረጃዋን ሳቢልኝ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳው።» ተሳበ። ቢያንስ አየር እናግኝ ብላ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተችው። የፊተኛው አባት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «ልጄ፣ ንፋስ ትመታናለች።» ተዘጋ። በቃ፣ የአክስቴ ልጅ ሐረጎን ያየችው በመጋረጃው ቀዳዳ ነው። ቡናማ መጋረጃ ነው፣ ጫፉ ላይ የደረቀ ማስቲካ ተለጥፎበታል። አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታጮልቅ ሳያት ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ እዚያ መታጠፊያው ላይ ሁለት ደቂቃ ብትቆምልን?» አልኩት ሹፌሩን። በመስታወቱ አየኝ።

«አሞሽ ነው?»

«አይ፣ ልናይ ነው።»

«ምኑን?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ለነገሩ እሱም እውነቱን ነው፣ ጠርዝ በሌለው ኩርባ ላይ፣ ከኋላ ከባድ መኪና እያጓራ፣ የት አባቱ ይቁም? ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ መኪና ወጣ ብሎ የሚቆምበት፣ ሰው ተደግፎ የሚያይበት አንድ ቦታ አዘጋጁልን ማለት ቅንጦት ነው እንዴ? ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የኛ አገር ስም ናቸው። በዜማ ያልሰሰትን ሰዎች በአንድ የድንጋይ መቀመጫ ሰሰትን።

በማግሥቱ ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ራሱ ሐይቅ የሆነ ሐይቅ፣ ሌላ ስም ለማውጣት እንኳ አልደከምንም። ውብ ነው፣ አይወራም። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። የነአባ ኢየሱስ ሞአ ገዳም ነው፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ያለበት፣ ሥርዓቱን አከብራለሁ። የማላከብረው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። አንድ ቤት (ስሙን አልጠራም) ዳርቻውን በቆርቆሮ አጥሮታል። ጥበቃው «ሳታዙ አይገባም» አለን። ውሃውን ለማየት ለስላሳ ገዛን። ለስላሳው ሞቅ ብሏል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ከፊታችን ባለው ደንገል መሃል ደግሞ የሃይላንድ ኮዳ ከዳክዬው እኩል ይንሳፈፋል። እሺ ይሁን።

አርዲቦ ላይ ነው እንግዲህ የተቃጠልኩት። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ተራራ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሐይቅ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት በመኪና ወስደውን ነበር፣ ስለዚህ መንገዱን የማውቅ መስሎኛል። በእግር እንሂድ አልኳት። አህያ የሚነዳ ሰውዬ አገኘንና ስንት ያህል ይቀረናል አልነው።

«አብሽሩ፣ ቅርብ ነው!»

አርባ ደቂቃ ሄድን። ጭራሮ የተሸከመች እናት። «እዚህችው ናት፣ ይቺን ኩርባ ብቻ እለፏት።» ኩርባዋን አለፍናት፣ ኩርባዋ ሌላ ኩርባ ወለደች። ሌላ ግማሽ ሰዓት። አንድ እረኛ ልጅ በአገጩ ወደ ሰማይ አመለከተና «ያውና» አለ። ምኑ ነው ያውና? ተራራ ነው የሚታየኝ! የአክስቴ ልጅ የከተማ ጫማ ተረከዟን ልጦት ካልሲዋ ደም ነክቷል። «ኧረ እዚህችው ናት ብለውሻል» እያለች ታላግጥብኛለች፣ አዲሳባዎች ሲያላግጡ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እኔ አብሽርን እወዳታለሁ። ሰው ሲሞትብን አብሽር እንባባላለን፣ ኪስ ሲደርቅ አብሽር፣ ፈተና ሲወድቁ አብሽር። ግን መጽናኛ ናት እንጂ መለኪያ አይደለችም! ስዊዘርላንዶቹ ቢጫ ምልክት ይተክላሉ፣ ምልክቱ ላይ የቦታው ስምና በእግር ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ተጽፏል። 65,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አላቸው። እኔ 65,000 አልጠየቅሁም። አንድ እንጨት፣ አንድ ቀለም፣ «አርዲቦ፣ 2 ሰዓት፣ ጫማህን አስብበት»።

መናደድ ደግሞ አያስችሉህም። ያችው ጭራሮ የተሸከመችው እናት ስንመለስ ደጇ ላይ ጠበቀችን። «ቡና አፍልቻለሁ፣ ሳትቀምሱማ አታልፉም።» እጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ቀርቧል። ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ ብንነሳ ትቀየማለች። ልወቅሳት አፌን ከፍቼ ቆሎ ጎረስኩበት።

አርዲቦን አየነው ወይ? አየነው። አረንጓዴ ተራራ የከበበው ጸጥ ያለ ውሃ፣ የአክስቴ ልጅ ስልኳን እንኳ ሳታወጣ ዝም ብላ ቆመች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላን አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፋችሁ?»

«ምንም አልጠፋን አባባ፣ እያየን ነው።»

«እኮ ምኑን?»

እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያጠጡበት ውሃ ነው።

ሦስተኛው ቀን መመለሻዋ ሆነ። እንደገና ሚኒባስ፣ እንደገና ሐረጎ፣ አሁን ቁልቁል። እንደገና መጋረጃ። ግማሽ መንገድ ላይ የአክስቴ ልጅ በክርኗ ነካችኝና ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። አፏ ላይ ደቀነችው፣ ትከሻዋን ሰበቀች። እኔ «ወንድሜ፣ እንግዳዬን አመማት!» ብዬ ጮህኩ።

ረዳቱ ጣሪያውን ደበደበ። «ቁም፣ ቁም! ልታስታውክ ነው!»

ሹፌሩ ያቺ የለችም የተባለችዋን ቦታ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ጥጉን ይዞ ቆመ። ወረድን። ፌስታሉን በእጇ እንደያዘች ጠርዙ ላይ ቆመች። ጉሙ ገና እየተነሳ ነው፣ ከሥሩ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ፀሐይ እየነካው ያበራል። ከመስኮቱ አንዲት እናት ሎሚ ወረወሩልን፣ «አሽትቺው ልጄ፣ አብሽሪ።»

«ጨረሰች?» አለ ረዳቱ።

«ገና ናት» አልኩት።