አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ወይስ ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራ? መምህሩና ጠጋኟ ሲከራከሩ

አፕል አይፎን 15 ፕሮ ማክስን ለገበያ ያቀረበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራን ያወጣው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ የመጀመሪያው ከ1,199 ዶላር፣ ሁለተኛው ከ1,299 ዶላር ጀምሮ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም አዳዲስ ሞዴሎች ተክተዋቸዋል፤ ያገለገሉ ስልኮች በሚሸጡበት ገበያ ግን አሁንም ጎን ለጎን ተደርድረው ገዢን ያወዛግባሉ። ለእጅ፣ ለዓይንና ለፍጥነት የትኛው ይሻላል? ንባቡን ሁሉ በስልክ የሚያደርግ አንድ ጡረተኛ መምህር ለጋላክሲው፣ ስልክ መጠገን እንጀራዋ የሆነ አንዲት ወጣት ለአይፎኑ ቆመው ተጻጽፈዋል።

ባለጋላክሲው፦

ከስክሪኑ ልጀምር። ስልክ የምይዘው ለማንበብ ነው፤ ጋዜጣውን፣ ስካን ተደርገው የሚላኩልኝን የድሮ መጻሕፍት፣ ልጆቼ ከባሕር ማዶ የሚጽፉልኝን ሁሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ ለደካማ ስክሪን ምሕረት የለውም። ሚን ከሜ የሚለየው እግር ላይ ያለው ምልክት ሰረዝ ወይም ቀለበት መሆኑ ነው። በ እና ቨ የሚለያዩት አናት ላይ በተጋደመች አንዲት መስመር ነው። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ቅንጣቶች ናቸው። ስካን የተደረገ ገጽ ላይ ደግሞ የፊደሉን መጠን ብቻ ነጥሎ ማሳደግ አይቻልም፤ ገጹን በሙሉ አጉልቶ ግራና ቀኝ መጎተት ነው ያለው ምርጫ። ስለዚህ ስክሪኑ በሰፋና በጠራ ቁጥር ጉተታው ይቀንሳል።

የጋላክሲው ስክሪን 6.8 ኢንች ነው፤ 3120 በ1440 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች)፣ በአንድ ኢንች 505። የአይፎኑ 6.7 ኢንች፣ 2796 በ1290፣ በአንድ ኢንች 460። አይፎኑ ከላይ መሃል ላይ ያንን ጥቁር ክኒን መሳይ ቦታ ለካሜራና ለፊት መለያ ወስዷል፤ ጋላክሲው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለችው።

ዋናው ነገር ግን መስታወቱ ነው። መስታወት አምራቹ ኮርኒንግ ለዚህ ስልክ ያቀረበው ጎሪላ አርመር የሚባለው መስታወት ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ እንደሚቀንስ አምራቾቹ ይናገራሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ማስረጃ አይጠይቅም። አይፎኑ ፀሐይ ላይ እስከ 2000 ኒት (የድምቀት መለኪያ ነው)፣ ጋላክሲው እስከ 2600 ኒት ድምቀት ይሰጣሉ። ነገር ግን ፀሐይን በድምቀት ለመርታት መሞከር ባትሪ መጨረስና ስልኩን ማጋል ነው። ሲግል ደግሞ ማንኛውም ስልክ ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ያደበዝዛል። ነጸብራቅን ከመነሻው የሚያስቀር መስታወት ግን ባትሪ አይበላም። እኩለ ቀን ላይ በረንዳ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ባለአይፎኗ፦

ጋሼ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ግን እርስዎ የጠቀሱት 3120 በ1440 ካርቶኑ ሲከፈት የሚገኘው አይደለም። ጋላክሲው ከፋብሪካ የሚወጣው በ2340 በ1080 ተስተካክሎ ነው። ይህ በ6.8 ኢንች ላይ ሲከፋፈል በአንድ ኢንች 380 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ከአይፎኑ ያነሰ። ባለቤቱ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ካልለወጠው ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያው ይኖራል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ከሚደርሱት ጋላክሲዎች አብዛኞቹ አልተለወጡም፤ ባለቤቶቻቸውም ማስተካከያው መኖሩን አያውቁም።

መስታወቱን በተመለከተ የባሰ ነገር አለ። ነጸብራቁን የሚቀንሰው የመስታወቱ የላይኛው ገጽ ነው። ሰው ግን ስልክ በገዛበት ቀን፣ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ስክሪን ፕሮቴክተር ያስለጥፋል። ተራ መስታወት በላዩ ሲለጠፍ ፀሐዩን የሚያንጸባርቀው ያ ተራ መስታወት ነው፤ ሥር ያለው ውድ መስታወት ጥቅሙ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ለአፕል ስክሪን ከሚያቀርቡት ድርጅቶች ዋነኛው ሳምሰንግ ዲስፕሌይ ነው፤ ስለዚህ በፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን በሚያወጣው የስክሪን ክፍል፣ ጥራት የሰማይና የምድር ልዩነት አይፈልጉ። ሁለቱም 120 ኸርዝ ናቸው (ምስሉን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ያድሳሉ)፣ ሁለቱም ጽሑፍ ሲሳብ አይንተባተቡም።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጋላክሲው መልስ የለውም። አይፎኑ 221 ግራም፣ ጋላክሲው 232 ግራም ነው። ስፋታቸው 76.7 እና 79 ሚሊሜትር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አይፎን 14 ፕሮ ማክስ የብረት ጠርዝ ነበረው፤ 240 ግራም ይመዝናል። አፕል ወደ ቲታኒየም ሲዞር 19 ግራም አራገፈ፣ ጠርዙንም አለዘበ። ጋላክሲውም ቲታኒየም ለብሷል፤ ነገር ግን ካለፈው ዓመቱ ኤስ 23 አልትራ የቀነሰው ሁለት ግራም ብቻ ነው። አራቱ ማዕዘኖቹም ያው የተለመዱት ሹል ማዕዘኖች ናቸው። ስልክ በአንድ እጅ ሲያዝ ከታች የሚደግፈው ትንሹ ጣት፣ የሚወጋው ደግሞ መዳፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ያንብቡበትና ይንገሩኝ።

ባለጋላክሲው፦

ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ግማሽ ቀን ነው የማነብበት፤ መዳፌም አለ። በሁለት እጅ ስለምይዘው ነው። ይህን የሚያህል ስልክ በአንድ እጅ ይያዝ ማለት ራሱ ቀልድ ነው፤ የአንቺም አይፎን ቢሆን የአውራ ጣት ጫፍ ወደ ላይኛው ማዕዘን አይደርስም። በ11 ግራምና በሁለት ሚሊሜትር ተኩል እንኳ በማይሞላ ልዩነት አሸነፍሁ ማለት ትንሽ አይከብድም?

ደግሞስ በእኔ መስታወት ላይ ያመጣሽውን ክስ ወደ ራስሽ አዙሪው። ሰው ፕሮቴክተር ይለጥፋል አልሽ፤ ያው ሰው ከቨር አያለብስም? የላስቲክ ከቨር ከለበሰ በኋላ ያ የለዘበ ጠርዝ የት አለ? ቲታኒየሙንስ የሚነካው ማን ነው? አፕል ራሱ የእጅ ቅባት የቲታኒየሙን ቀለም ለጊዜው ሊለውጥ ስለሚችል በጨርቅ ጥረጉት ብሎ አስታውቋል። እኔ ጋላክሲዬን ያለ ፕሮቴክተር ነው የምይዘው፤ ያ መስታወት ለጭረት የሚበገር አይደለም። የፒክስሉን ማስተካከያም አንዴ ከለወጥሁት ወዲህ ተመልሼ አላየሁትም። አንድ ጊዜ ጣት ማሳረፍ የሚፈታው ነገር ጉድለት ተብሎ አይቆጠርም።

ያልጠቀስሽው ሌላም አለ። እስከ ኤስ 23 አልትራ ድረስ የጋላክሲው ስክሪን ግራና ቀኙ የተጠማዘዘ ነበር፤ የመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ፊደላት ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ይጣመሙ ነበር። በኤስ 24 ስክሪኑ ሜዳ ሆነ። ከስልኩ ጋር የሚመጣው ብዕርም እስከ ህዳጉ ድረስ ይጽፋል፤ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አይፎኑ ላይ ብዕር የሚባል ነገር የለም። ሲወጣ ቀለሙ ደበዘዘ ብለው ብዙዎች ጮኹበት፤ ሳምሰንግም ቀለሙን የሚያደምቅ ማስተካከያ ጨመረላቸው። እኔ አልነካሁትም። የሰው ፊት እንደ ብርቱካን እንዲያበራ የሚፈልግ ይጨምር።

ባለአይፎኗ፦

ከቨሩ የጠርዙን ልስላሴ ይሸፍናል፤ እሺ። ክብደትን ግን የሚቀንስ ከቨር እስከ ዛሬ አላየሁም። በሁለቱም ላይ እኩል ይጨምራል፣ ልዩነቱም ባለበት ይቆያል። ማዕዘኑም ከቨር ሲለብስ የባሰ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ሁለት እጅ የሚሉት ነገር ደግሞ በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ እጁ ብረት የያዘ ሰው ሁለተኛውን እጅ ከየት ያመጣል?

ያለ ፕሮቴክተር ስለመያዝ የጠጋኝ ምክር ልስጥ። ጭረትና ስብራት አንድ አይደሉም። ለጭረት የማይበገር መስታወት ድንጋይ ላይ በማዕዘኑ ሲወድቅ ይሰበራል፤ የጋላክሲው ስክሪን ሲቀየር ደግሞ ብዙ ጊዜ መስታወቱ ብቻ ሳይሆን ፓነሉ ጭምር ነው የሚቀየረው። ዋጋውን ሲሰሙ ፕሮቴክተር ርካሽ እንደነበር ይገባዎታል።

ወደ ፍጥነት። አይፎኑ ኤ17 ፕሮ የሚባለውን ቺፕ ይዟል፤ በስልክ ውስጥ በ3 ናኖሜትር አሠራር የተመረተ የመጀመሪያው ነው። ጊክቤንች 6 በሚባለው መመዘኛ በአንድ ኮር (ከቺፑ የስሌት ክፍሎች በአንዱ) ብቻ ሲለካ 2900 ገደማ ያስመዘግባል፤ የጋላክሲው ስናፕድራገን 8 ጄን 3 ደግሞ 2300 ገደማ። አንድ ኮር ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ መተግበሪያ ሲከፈት፣ ኪቦርዱ ላይ ሲጻፍ፣ ገጽ ሲጫን ብዙው ሥራ የሚያርፈው በአንድ ኮር ላይ ስለሆነ ነው። ሰው በእጁ የሚሰማው ፍጥነት ይህ ነው።

ባለጋላክሲው፦

ግማሹን ተናግረሽ ግማሹን ዋጥሽው። ያው መመዘኛ ኮሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ሲለካ ሁለቱም 7000 አካባቢ ናቸው። በግራፊክስ ደግሞ፣ በተለይ ሥራው ሲረዝም፣ ጋላክሲው ይቀድማል። ሳምሰንግ ሙቀት የሚያሰራጨውን ክፍል ካለፈው ሞዴል ጋር ሲነጻጸር በ1.9 እጥፍ አስፍቶታል። የአንቺስ? ገና ከመውጣቱ እጅ ያቃጥላል ተብሎ ዓለም አወራ፤ አፕልም ችግሩ መኖሩን አምኖ በመስከረም መጨረሻ 17.0.3 የተባለውን ማሻሻያ ለቀቀ። ከሜሞሪም አይፎኑ 8 ጊጋባይት ሲኖረው ጋላክሲው 12 አለው። አንድ መጽሐፍ ከፍቼ፣ መዝገበ ቃላት አይቼ፣ መልእክት መልሼ ስመለስ ገጼን እዚያው አገኘዋለሁ።

አንቺ ስለ መመዘኛ ስታወሪ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንድ መተግበሪያ ሲከፈት ዓይን የሚጠብቀው ቺፑን ሳይሆን መስኮቱ እየተነፋ የሚመጣበትን እንቅስቃሴ ነው። በጋላክሲው ላይ ይህን እንቅስቃሴ በግማሽ ማሳጠር ይቻላል። ማስተካከያው ለመተግበሪያ ሠሪዎች በተዘጋጀው የገንቢዎች ክፍል ውስጥ ተደብቋል፤ የልጅ ልጄ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አዲስ የተገዛ ነው የሚመስለው።

ባለአይፎኗ፦

ጋሼ፣ ስለ ሙቀቱ የተወራው አብዛኛው ቲታኒየሙ ነው ጥፋተኛው የሚል ነበር፤ አፕል ግን ምክንያቱ ሶፍትዌሩና አንዳንድ መተግበሪያዎች መሆናቸውን ገለጸ፤ ማሻሻያውም የስልኩን ፍጥነት ሳይቀንስ መጣ። ያገለገለ አይፎን የሚገዛ ሰው ሶፍትዌሩን ማሻሻሉን ብቻ ያረጋግጥ። ሜሞሪውም 12 ከ8 ይበልጣል ተብሎ በጣት የሚቆጠር አይደለም፤ የጋላክሲው ሶፍትዌር አንድሮይድና የአይፎኑ አይኦኤስ ሜሞሪ የሚጠቀሙበት መንገድ ይለያያል። ጨዋታ ሰዓታት ለሚጫወት ሰው ጋላክሲው የተሻለ ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም፤ ቁጥሩም የሚለው እንደዚያ ነው። የእንቅስቃሴ ማሳጠሪያውም ጥሩ ነገር ነው፤ አይፎኑ ላይ እንዲህ በልኩ የሚያሳጥሩበት መንገድ የለም።

ነገር ግን ዛሬ ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፤ የፍጥነቱ ጥያቄም የባትሪ ጥያቄ ሆኗል። የደከመ ባትሪ ያለው ስልክ ቺፑ ምንም ቢሆን የሚሰጠው ያነሰ ነው። አይፎን 15 ላይ ባትሪው ስንት ዙር እንደተሞላ፣ ከአቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው፣ መቼ እንደተመረተና መቼ ሥራ እንደጀመረ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ገዢ ሻጩ ፊት ከፍቶ ያነብበዋል። ጋላክሲው ላይ ይህ ሁሉ እንደዚህ በቀላሉ አልተዘረጋም። ሻጩ ተጠቅሜበት አላውቅም ቢልዎት በምን ያረጋግጣሉ?

ባለጋላክሲው፦

ስለ ደከመ ባትሪ አንቺ ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ሳይናገር ያዘገየው ማን እንደነበር ራሱ አፕል አምኗል። ባትሪውን የሚያሳየው ገጽ የመጣው ከዚያ ጩኸት በኋላ ነው።

ደግሞ ዕድሜ ካነሳሽ፣ ሳምሰንግ ለኤስ 24 የሰባት ዓመት የሶፍትዌርና የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። እስከ ጥር 2023 ዓ.ም. ማለት ነው። ዛሬ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ገና ብዙ ዘመን ከፊቱ አለው።

ባለአይፎኗ፦

ሰባቱ ዓመት የሶፍትዌሩ ነው፤ የባትሪው አይደለም። እስከዚያ ድረስ ባትሪው መቀየሩ የማይቀር ነው። የሁለቱም ጀርባ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ሲከፈት ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ሲዘጋም በደንብ ካልታሸገ ውኃ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። የትኛውንም ቢገዙ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ላይ ደምረው ይደራደሩ። ጋላክሲውን ሲያመጡልኝ ደግሞ ፕሮቴክተር አልለጥፍብዎትም።

ባለጋላክሲው፦

ማዕዘኑን የሚጠብቅ ከቨር ግን ፈልጊልኝ፤ ቀጭን ይሁን።