«ማንም አያየኝም» ያለችው እህት እና ዲቪ የሚሞሉት መምህር

ሁለቱም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱ ጎረቤታሞች ናቸው። እሳቸው ከአገር ወጥተው አያውቁም፤ 26 ዓመት አስተምረዋል። እሷ ከ2001 እስከ 2013 ቤይሩት ኖራ ተመልሳለች። በጽሑፍ እንዲከራከሩበት የቀረበላቸው ጥያቄ «በሰው አገር መኖር ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል ወይ?» የሚል ነው።

መምህሩ፦

አያመዝንም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ጎረቤቴን ማየት ይበቃኛል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ከፋላ በሚሉት አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ማዳሟ ካልፈቀደች ሥራ መቀየር አትችልም። ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ የሚቆለፈው ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በ2006 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ሲመለሱ ዘመድ ልቀበል ቦሌ ሄጄ ነበር። ባዶ እግሯን የወረደች ልጅ አይቻለሁ።

እዚህ ኑሮ ከባድ ነው፤ አልክድም። ግን ሰው አለኝ። ውሃ ቢጠፋ ከጎረቤት ይቀዳል። ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብሞት የሚቀብረኝ እድር አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በየዓመቱ ለልጄ ዲቪ እሞላለሁ። አማራጭ ይኑራት ብዬ እንጂ ትሂድልኝ ብዬ አይደለም።

ተመላሿ፦

ጋሼ፣ በመጀመሪያ የእኔን ኑሮ የክርክርዎ ማስረጃ አያድርጉት። የተቆለፈው ፓስፖርት የእኔ ነው። ስለ እሱ የምናገረውም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የተኛሁት ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ አጠገብ ነው። ሌሊት ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም እነቃለሁ። ይህን ለማንም ደብቄ አላውቅም። ከዚያ ግን ከማዳሟ ቤት ወጥቼ ፍሪላንስ፣ ማለትም በራሴ እየኖርኩ በየቤቱ እየተመላለስኩ ሠራሁ። ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር ዶራ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። እሑድ እሑድ ኮርኒሽ በሚሉት የእግር መንገድ ላይ፣ ባሕሩን ይዤ፣ ኦቾሎኒ እየበላሁ ብቻዬን እሄድ ነበር። ማንም አያየኝም። የማን ልጅ ነሽ፣ መቼ ነው የምታገቢው፣ ምን ለበስሽ የሚለኝ የለም። እንዲህ ሆኜ እዚህ አንድ ቀን እንኳን ሄጄ አላውቅም።

ቤቱስ? እናቴ በ1997 ተመዝግባ ዕጣው ሲወጣላት 20 በመቶውን ቅድመ ክፍያ ማን ላከ? ፍሪጁ አጠገብ የተኛችው ልጅ ናት።

ውሃው ደግሞ። አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የለም። «ከጎረቤት ይቀዳል» ሲሉ ጄሪካኑን ማን እንደሚሸከመው አልጻፉም። የእርስዎን የምትሸከመው ልጅዎ ናት። ደረጃው ላይ አርፋ እጇን ስታሽ በየሳምንቱ አገኛታለሁ። ዲቪውን ለምን እንደሚሞሉላት ለእኔ ግልጽ ነው።

መምህሩ፦

«ማንም አያየኝም» የሚለውን ሦስቴ አነበብኩት። እህቴ፣ ይህን ከጥቅም ቆጠርሽው? ማንም የማያይሽ አገር ስትወድቂም አያይሽም። በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ፣ ሊራው፣ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ ማን አያቸው?

እዚህ እንተያያለን። አንዳንዴ ይበዛል፤ እሱን እቀበላለሁ። እናትሽ ባረፉ ዕለት ግን ድንኳኑ ሳይረፍድ የተተከለው ስለምንተያይ ነው። አስከሬናቸውን ከአራተኛ ፎቅ ያወረድነው አራት ወንዶች ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ አቁመን ነው ያዞርነው። አንቺ አልነበርሽም። ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም። የውጭ ኑሮ ዋጋው ይኸው ነው ለማለት ነው።

ዲቪውን መልሼበታለሁ።

ተመላሿ፦

አልመለሱበትም። ዲቪ ለመላው ዓለም በዓመት 55 ሺህ ቪዛ ቢሆን ነው። ሚሊዮኖች ይሞሉታል። በዚያች ጠባብ በር በየዓመቱ ልጁን የሚያሰልፍ አባት የውጭ ኑሮ ጉዳቱ ይብሳል ብሎ ያምናል? ለእርስዎ ልጅ ሲሆን «አማራጭ»፣ ለእኔ ሲሆን «ምነው አገርሽ በተቀመጥሽ»?

እናቴን ስላወረዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስመለስ መጀመሪያ የመጣሁት እርስዎ ቤት ነው፤ ጉልበትዎን ስሜ አመስግኛለሁ። እንዲህ ተጽፎ አነበዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። መርዶውን በስልክ ስሰማ የሰው ቤት መስኮት እየወለወልኩ ነበር። ጨርቁን አልጣልኩም። መስኮቱን ጨረስኩት። ወረቀት ስላልነበረኝ ከወጣሁ መመለስ የለም፤ የቤቱ ዕዳም ገና አላለቀም ነበር።

«እንተያያለን» ላሉት፣ አዎ፣ ታዩኛላችሁ። ባለፈው ወር ለብሎኩ ሮቶ መዋጮ ሲወሰን ለሁሉም ሦስት ሺህ ብር፣ ለእኔ ስድስት ሺህ ተባለ። «እሷ ከውጭ ነው የመጣችው» ተብሎ። ስብሰባውን የመሩት እርስዎ ነዎት።

መምህሩ፦

ሮቶው ከጥያቄያችን ጋር አይገናኝም። ከተነሳ ግን ልመልስ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ዶላር የያዘ ሰው ብሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ሰሞን የመምህር ደመወዝ ያው ነበር፤ የዘይቱ ዋጋ ግን ያው አልነበረም። አቅም ያለው ይጨምር የተባለው በዚህ ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ዝም ማለቴ ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው።

የእናትሽን ነገር ማንሳት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

«ማንም አያየኝም» ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ሰው ሆኖ ይህን የሚመኝ መኖሩ ያሳዝነኛል።

ተመላሿ፦

ይቅርታውን ተቀብያለሁ።

ዶላር ግን የለኝም፣ ጋሼ። በ2012 ደመወዜን በሊራ ይከፍሉኝ ጀመር። በዚያ ሊራ የቤት ኪራይ እንኳን አልሞላ አለኝ። ተቀማጬን እየበላሁ ቆየሁና አለቀ። የተመለስኩት ለዚህ ነው። አራት ሻንጣ ይዤ ስገባ ሁላችሁም ደረጃው ላይ ቆማችሁ አያችሁኝ። ውስጡ ያለው ግማሹ የማዳሞች ልጆች የጣሉት ልብስ ነው። ምን ይዘሽ መጣሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስድስት ሺህ ተባልኩ።

ሦስት ሺውን ለኮሚቴው ከፍያለሁ። ደረሰኙ በእጄ ነው።

ልጅዎ ዲቪ ከደረሳት ሻንጣዋን የምገዛላት እኔ ነኝ። ሳይደርሳት ቀርቶ በደላላ ቤይሩት ልሂድ ካለች ደግሞ መጀመሪያ እኔ ቤት ትምጣ። የፍሪጁን ነገር ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።