ምስጋና ለጀርባችን

የባሕር ዳር ሰው ለሥዕል ደንታ የለውም የሚል ሐሜት ከወደ አዲስ አበባ አልፎ አልፎ ይነፍሳል። ሐሜተኛው አንድ ምሽት የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት መጥቶ ይይ። ሥዕሉን ማለቴ አይደለም፤ እሱ በሰው ስለሚከለል አይታይም። እኛን ይይ። የሐበሻ ቀሚሱን፣ ሰፊውን ባርኔጣ፣ በሚያዝያ ወበቅ እንኳ ከአንገት የማይወርደውን ሻርፕ ይይ።

ሰሞኑን በተከፈተው ላይ ነበርኩ። የጥሪ ወረቀቱ «ከቀኑ 11፡00 ሰዓት በሰዓቱ ይገኙልን» ይላል። እኔ ሞኙ አምኜ በ11 ሰዓት ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ሠዓሊው ብቻውን መሰላል ላይ ወጥቶ ሚስማር ይመታል። በመስተዋቱ በር ሲያየኝ ደንግጦ ወረደ።

«ምነው ጋሼ፣ በደኅና ነው?»

በሰዓቱ የመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንጂ ሌላ ምን ያመጣዋል! እስኪ ልግባና አንድ ሁለቱን ልይ ስለው በሩ ላይ የተወጠረውን ሪባን አሳየኝ። የክብር እንግዳው ሳይመጡ ሪባን አይቆረጥም፤ ሪባን ሳይቆረጥ ሥዕል አይታይም።

ሁለት ጣት የማይሞላ ጨርቅ ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያልፍ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ያን ሁሉ ዶክተር፣ ያን ሁሉ የቢሮ ኃላፊ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል አቆመልን። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ታክሲ ሲመጣ ለምን እንደሚጋፋ አይገባኝም።

የክብር እንግዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ንግግራቸው ምሉዕ ነበር፤ ገጽታ ግንባታ ነበረበት፣ ቱሪዝም ነበረበት፣ ባለድርሻ አካላትም አልቀሩበት። ሥዕል የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ጠርተውታል፤ «ስለ ዘርፉ ግልጽ ሥዕል እንዲኖረን» ሲሉ። ከዚያ መቀሱ በጥልፍ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። 22ቱን ሥዕሎች ካሜራ አስከትለው በአራት ደቂቃ ዞረው ጨረሱ። አንዱ ጋ ብቻ ቆም አሉና «ጢስ ዓባይ!» አሉ። ሠዓሊው «አዎ፣ ክቡርነትዎ» አለ። ኋላ ጠጋ ብዬ ብጠይቀው፣ እናቱ ናት።

ይህ ሁሉ መግቢያ ነው። ዋናው ነገር በአዳራሹ መሐል ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ድፎ ዳቦው። አንድ አባት መርቀው ቆረሱት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን የመሰለ ሂስ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

«የላይኛው እሳት ትንሽ በርትቶበታል» አለ ባለ ሻርፑ፣ «ግን ቀለሙን ተመልከት፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ብሎ ወደ ዳር ሲሄድ እንዴት እንደሚፈካ!» አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቁራሹን ገልብጣ የኮባው ጅማት የተወውን መስመር በጣቷ እየተከተለች አሳየችን። ሌላው ወደ መብራት አስጠግቶ ውስጡን መረመረ፤ ሊጡ አድሯል አላደረም በሚል ሁለት ሰዎች ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸው። ጥቁር አዝሙዱ በዛ ብሎ የነቀፈ ነበር። አይደለም፣ ሆን ብላ ነው፣ እርሾውን እንዲያለዝበው ነው ብሎ ለባለሙያዋ ጥብቅና የቆመም ነበር። ማን ናት የጋገረችው? የየት አገር ልጅ ናት? ከማን ተማረች? ከዚህ በፊት የሠራችውን የቀመሰ አለ? ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ገጹ፣ የእጇ አሻራ፣ የትውልድ ሐረጓ ሳይቀር ተነሥቶ ተበጠረ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ እንዲህ ያለ ተመልካች ተመኝተው ከሆነ ምኞታቸው ሠምሯል፤ ትንሽ አድራሻው ተሳስቶ ነው።

ለዳቦው ጀርባውን የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም። ሥዕሎቹ ደግሞ ከጀርባ በቀር ያገኙት ነገር የለም። ይህ ቀላል ሥልጣኔ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ ዘጌ ብትወርዱ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በመሳሰሉት አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ወደዚያ የሚሄዱ እናቶች የሚያሳዝን ልማድ አላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ሥዕሉ ፊት ይቆማሉ። በቃ፣ ይቆማሉ። በላዔ ሰብእን ያሳዩአችኋል፤ 78 ነፍስ መብላቱን፣ በእመቤታችን ስም የተሰጠችው አንዲት ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን እንዴት እንደደፋችለት ጣታቸውን ቀስረው ይነግሯችኋል። ምን ያድርጉ! ማይክራፎን የላቸው፣ ካታሎግ የላቸው፤ ሥዕሉን ያዩታል።

የዚያ አገር ሠዓሊዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኛ ሕጉን አሻሽለነዋል። ፎቶ የምንነሣው አገጫችንን ወደ መብራቱ አዘንብለን፣ ሥዕሉን ከኋላ አድርገን፣ በጎናችን ነው፤ ያው አንድ ዓይን ነው። ሥዕሎቹ ተነሥተው እኛን ቢሥሉን ግን እሷም አንዷ ዓይን አትተርፈንም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያዩት ማጅራት ነው። ለማጅራት የጥንት ሠዓሊዎች ሕግ አላበጁለትም። እንዲህ ያለ ምእመን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩማ።

በዚህ ላይ ጊዜያችንን በከንቱ አናጠፋም። ዘጠነኛው ሥዕል ሥር የአንድ ሠርግ ኮሚቴ ተዋቅሯል። አሥራ አራተኛው ጋ የቤት ኪራይ ተማክረናል። ከ22ቱ ሥዕሎች አንድም አልተሸጠም፤ አንድ ቪትዝ ግን ተሽጧል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከአንዱ ሥዕል አጠገብ ቀይ ነጥብ አየሁና ልቤ ዘለለ፤ የተሸጠ ሥዕል ቀይ ነጥብ ይለጠፍበታል። ሰው ሁሉ ገዢውን ለማወቅ ተንሾካሾከ። ጠጋ ብዬ ሳየው አዋዜ ነው።

ስለ ሥዕል ጭራሽ አልተወራም ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። «ይናገራል!» ያለ ሰምቻለሁ። ምን ይላል ስለው ወደ ጥብሱ ሄደ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቬኒስ ተጨምራለች። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በታላቁ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ማሳያ ኖሯት የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ቀርበዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ለእኛ የደረሰን ግን ቃሉ ነው። ዓባይ በረሃን አንዴ ለሕክምና ብቻ የተሻገረ ወዳጄ ቀና ብሎ ሚስማሩን አየና «ቬኒስ ላይ እንዲህ አይሰቀልም» አለኝ።

ካታሎጉን ከፈትኩ። «ሥራዎቹ በማንነት፣ በጊዜና በቦታ መካከል ያለውን ውይይት ይፈትሻሉ» ይላል። አምና የተከፈተውም ይህንኑ ይፈትሽ ነበር፤ ካቻምናም ፍተሻ ላይ ነበርን። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉት በዚሁ አገር ነው። እዚያ ቅኔ አንዴ ተዘርፎ ይቀራል፤ የትላንቱን ደግሞ የኔታ ፊት የሚቆም ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ቅኔ የቆጠረ ያውቀዋል። ለካታሎግ ግን የኔታ የለውም። እንደ ጎጃሜነቴ ሰምና ወርቁን ልለይ ታገልኩ። ሰሙን ቶሎ አገኘሁት። ወርቁ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ እሱን ደግሞ የገለጠ የለም።

ስወጣ የአስተያየት መዝገቡን አገላበጥኩ። 41 «በርታ» ቆጠርኩ። ጥቂቶቹ ቃለ አጋኖ አላቸው፤ አንዱ ሦስት ቃለ አጋኖ አለው፤ ቸር ሰው ይመስለኛል። የቅባት ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሠዓሊዎች ቱቦውን እንደ ጥርስ ሳሙና ከሥሩ እየጠቀለሉ ነው የሚጨምቁት። በርታ ግን ዋጋዋ ንቅንቅ አላለም፤ ድሮም በነፃ ነበረች፣ ዛሬም በነፃ ናት። ከ41ዱ አንዱ የእኔ ነው። በዝርዝር የተጻፈ አስተያየት አንድ ብቻ አገኘሁ፤ «ድፎው ግሩም ነው፤ የጋገረችው እህት ስልክ ቢጻፍልን» ይላል።

ዐውደ ርእዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲዘጋ ሠዓሊው ሥዕሎቹን በባጃጅ ሲያመላልስ ደረስኩና አገዝኩት። እናቱን እኔ ተሸከምኳት። ፊቷን ወደ እኔ አድርጌ ስለያዝኳት ሳልፈልግ አየኋት፤ በእርግጥም አፍንጫዋ የእሱ ነው። ባጃጁ ውስጥ ሳስደግፋት ስልኬ ጮኸ። ያቺ መምህርት ናት።

«ጋሼ፣ በዚያ ምሽት የነበረው ሥራ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለኝ። የባለሙያውን ስልክ ያውቁት ይሆን?»

ደስ አለኝ። እዚሁ አጠገቤ ነው፣ ላገናኝሽ አልኳት።

«ውይ፣ የዳቦዋን ማለቴ ነበር። ክርስትና አለብን።»

መቼም ስልኳን መያዜ አልቀረም፤ ነገርኳት። እሱንስ ላቅርብልሽ ብላት ትንሽ ዝም አለች።

«አሁን እንኳ ቸኩያለሁ፤ በርታ ብላሃለች ይበሉልኝ» አለችኝ።