ካፒቴኑንም አትርሱት

ስለ አሜሪካዊቷ የጦር መርከብ ኢንዲያናፖሊስ መታሰቢያ የጻፋችሁትን አነበብኩ። በስሟ በተጠራችበት ከተማ፣ ቦይ ዳር በቆመው ድንጋይ ላይ የሞቱትም የተረፉትም ስም አብሮ መቀረጹ ልቤን ነክቶታል።

የመርከቧን አዛዥ የካፒቴን ማክቬይን ነገር ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1945 የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ ስትመታት ከ1,195 ሰዎች የተረፉት 316 ብቻ ናቸው። አልደረሰችም ብሎ የፈለጋቸው የለም! ቀናት ሙሉ ውኃ ላይ ቆይተው ያያቸው አውሮፕላን እንኳ በአጋጣሚ ነበር። ከዚያ ካፒቴኑ መርከቧን ዚግዛግ፣ ማለትም ጠላት እንዳያነጣጥርባት ግራና ቀኝ እያጠማዘዘ፣ አልነዳም ተብሎ ተከሶ ተፈረደበት። የጃፓኑ አዛዥ ራሱ፣ መርከቧ ዚግዛግ ብትሄድም እመታት ነበር ብሎ መስክሯል። ከሞት የተረፉት መርከበኞች የካፒቴኑን ስም ለማጥራት ለዓመታት ታገሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ነፃ ያለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ሞቷል።